ካለፈው ማዕበል ምን ይወሰዳል? የኒው ዮርክ መሠረተ ልማት ከአይሪን እስከ አይዳ

ከባድ ማዕበል ባለፈ ቁጥር መሠረተ ልማትን የሚያስተዳድሩ ተቋማት የሚሰጡት መግለጫ ተመሳሳይ ነው፤ ከደረሰው ጉዳት ትምህርት እንደሚወስዱ ያስታውቃሉ። ትምህርቱ ምን እንደሆነ ግን በዝርዝር ሲጠየቅ ብዙም አይታይም። ከአንድ ማዕበል የሚገኘው መረጃ አንድ ዓይነት አይደለም። የውኃው ከፍታ እስከ ምን እንደ ደረሰ፣ ውኃው በየት በኩል እንደ ገባ፣ የትኛው መሣሪያ ሌላውን ይዞ እንደ ወደቀ፣ ሳይጎዳ የቀረውም በዝግጅት ይሁን በአጋጣሚ የተረፈ መሆኑ፣ እያንዳንዱ ራሱን የቻለ ጥያቄ ነው። ከእነዚህ ሁሉ ለመመዝገብም ለማስታወስም የሚቀለው የመጀመሪያው፣ የከፍታው ቁጥር ነው። የኒው ዮርክ ከተማና የአጎራባቿ የኒው ጀርሲ ተሞክሮ ሲመረመር ግን፣ ብቻውን ሲወሰድ ከሁሉ ይበልጥ የሚያሳስተውም ይኸው ቁጥር ሆኖ ይገኛል። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ቀናትና ዓመታት በሙሉ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።)

የ3.8 ሜትሩ ልክ

ሳንዲ የተባለው ማዕበል ኦክቶበር 29 ቀን 2012 ምሽት የኒው ጀርሲን ጠረፍ መታ። በኒው ዮርክ ከተማ ብቻ 43 ሰዎች ሞቱ፤ የጉዳቱ ግምትም 19 ቢሊዮን ዶላር ደረሰ። በዚያው ምሽት በማንሃተን ምሥራቃዊ ዳር፣ በ13ኛው መንገድ የሚገኘው የኮን ኤዲሰን ኩባንያ የኤሌክትሪክ ማከፋፈያ ጣቢያ በባሕር ውኃ ተጥለቅልቆ ፍንዳታ ደረሰበት። የደሴቲቱ ደቡባዊ ክፍልም ለቀናት ያለ መብራት ቆየ።

ጣቢያው ሳይታሰብበት የተተወ አልነበረም። 3.8 ሜትር ያህል ከፍታ ያለውን ውኃ እንዲቋቋም ተደርጎ የተዘጋጀ ሲሆን፣ ይህ ልክ በከተማይቱ ታሪክ ከፍተኛ ነው ይባል ከነበረው ከ1821ዱ አውሎ ነፋስ ከፍታ እንኳ የሚበልጥ ነበር። መሐንዲሶቹ ካለፈው ተምረዋል ማለት ነው፤ የታወቀውን ከባድ ማዕበል ፈልገው፣ ቁጥሩን ወስደው፣ በላዩ ትርፍ ጨምረውበታል። በማንሃተን ደቡባዊ ጫፍ፣ ባትሪ በተባለው ስፍራ የሚገኘው የባሕር ከፍታ መለኪያ በሳንዲ ምሽት ያስመዘገበው ግን ከ4.2 ሜትር በላይ ነበር።

ይህን ልዩነት «ተፈጥሮ ከግምት በላይ ሆነች» ብሎ ማለፍ ይቻላል፤ በጊዜው ብዙ የተባለውም ይኸው ነው። ይሁን እንጂ በጠረፍ ላይ የሚለካው የውኃ ከፍታ ቢያንስ የሦስት ነገሮች ድምር መሆኑ መታሰብ አለበት። አንደኛው አማካዩ የባሕር ወለል ነው። ሁለተኛው በጨረቃና በፀሐይ ስበት በየዕለቱ የሚከሰተው የባሕር መሙላትና መጉደል ነው። ሦስተኛው አውሎ ነፋሱ ራሱ እየገፋ የሚያመጣው ውኃ ነው፤ ይህን ከዚህ በኋላ «የነፋስ ሙላት» ብሎ መጥራት ይበቃል። የሳንዲ የነፋስ ሙላት በባትሪ 2.87 ሜትር ነበር። ይህ ግፊት ባሕሩ በዕለታዊ ሙላቱ ላይ ሳለ ስለ ደረሰ ነው ድምሩ ከ4 ሜትር ያለፈው።

የ1821ዱ አውሎ ነፋስ በአንጻሩ ከተማይቱን የመታው ባሕሩ በጎደለበት ሰዓት ነው። መዝገቡ ላይ የቀረው ከፍታ የማዕበሉን ኃይል ብቻ የሚያሳይ ሳይሆን የመድረሻ ሰዓቱን መልካም አጋጣሚ ጭምር የያዘ ነበር። በዚህም ላይ አማካዩ የባሕር ወለል በባትሪ ከ1900 ወዲህ ብቻ 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ብሏል። ሦስቱ ክፍሎች ተለያይተው ቢሰሉ፣ የ1821ዱ ማዕበል ባሕሩ በሞላበት ሰዓት ቢደገም የ3.8 ሜትሩ ልክ እንደማይበቃ ከሳንዲ በፊትም ማወቅ ይቻል ነበር። ያለፈው ማዕበል ሊያስተምር የሚችለውን አላስተማረም፤ ምክንያቱም የተወሰደው ድምሩ ብቻ ነው።

ተመሳሳይ ስሕተት በሳንዲ ላይም ሊደገም ይችላል። ከባትሪ በስተሰሜን ምሥራቅ፣ በሎንግ አይላንድ ወሽመጥ ዳር በሚገኘው ኪንግስ ፖይንት የተመዘገበው የነፋስ ሙላት 3.86 ሜትር ነበር፤ ከባትሪው በአንድ ሜትር ያህል ይበልጣል። በዚያ ግን ግፊቱ የደረሰው ባሕሩ ሲጎድል ስለሆነ ከፍተኛ ጥፋት አላስከተለም። ከተማይቱ በ2013 ያወጣችው ጥናት ይህንኑ አስተውሎ፣ ማዕበሉ በሰዓታት ቀደም ብሎ ቢደርስ ኖሮ የብሮንክስና የሰሜን ኩዊንስ ጠረፍ በከፋ ሁኔታ ይጥለቀለቅ እንደነበር አመልክቷል። ሳንዲ ያረሰረሰውን ምድር በካርታ ላይ ከብቦ «አደጋ ያለበት እዚህ ድረስ ነው» የሚል ሁሉ፣ የ1821ዱን አጋጣሚ በሌላ አጋጣሚ መተካቱ ነው።

አንዱ አይሪን፣ ሁለቱ ንባቦች

ከሳንዲ 14 ወራት ቀደም ብሎ፣ በኦገስት 2011፣ አይሪን የተባለው አውሎ ነፋስ ወደ ኒው ዮርክ ሲቃረብ የከተማይቱ የትራንስፖርት ባለሥልጣን የምድር ውስጥ ባቡሩን አገልግሎት በአየር ጠባይ ምክንያት ለመጀመሪያ ጊዜ ሙሉ በሙሉ አቋረጠ። በዝቅተኛ ጠረፍ ያሉ ሆስፒታሎችም በትእዛዝ ሕሙማናቸውን ወደ ሌላ ቦታ አዛወሩ። አይሪን ግን ተዳክሞ ደረሰ፤ ዋሻዎቹም ሳይጥለቀለቁ ቀሩ። በማግስቱ የተሰማው ወቀሳ ዝግጅቱ የተጋነነ ነበር የሚል ነው።

ሳንዲ ሲመጣ የትራንስፖርት ባለሥልጣኑ ኦክቶበር 28 ምሽት ባቡሩን ዳግመኛ አቆመ፤ በዝቅተኛ ስፍራ የነበሩትንም ባቡሮች ወደ ከፍተኛ ቦታ አወጣ። ዋሻዎቹን ማዳን አልቻለም፤ ከወንዝ ሥር የሚያልፉት በርካቶቹ በጨው ውኃ ተሞሉ። ባቡሮቹ ግን ከሞላ ጎደል ተርፈው ስለነበር ኖቬምበር 1 ቀን አገልግሎቱ በከፊል ተጀመረ።

የኒው ጀርሲው የባቡር ድርጅት ከዚያው ከአይሪን የተለየ ነገር አነበበ። በኪርኒና በሆቦከን የሚገኙት የባቡር ማቆያ ግቢዎቹ ከዚያ በፊት ተጥለቅልቀው እንደማያውቁ በመተማመን ፉርጎዎቹንና የባቡር ራሶቹን እዚያው አቆማቸው። ከ300 የሚበልጡት በውኃ ተጎዱ። የድርጅቱ ኃላፊዎች በኋላ የሰጡት ምክንያትም ይኸው የቀድሞ ታሪክ ነበር። ምክንያቱ ሐሰት አልነበረም፤ መዝገቡ እውነት ነበር። ጉድለቱ «ተጥለቅልቆ አያውቅም» የሚለው መረጃ «አይጥለቀለቅም» ወደሚል ድምዳሜ መሸጋገሩ ነው። አይሪን ግቢዎቹን ሳይነካ ማለፉ ስለ ግቢዎቹ ከፍታ ያረጋገጠው ነገር ቢኖር፣ አይሪን ካመጣው ውኃ በላይ መሆናቸውን ብቻ ነው።

ሮቢን ዲሎንና ካትሪን ቲንስሊ የተባሉ ተመራማሪዎች ለጥቂት ስለሚታለፉ አደጋዎች ባደረጉት ጥናት ይህን ልዩነት ገልጸውታል። ሰዎች ያለፋቸውን አደጋ «ችለነዋል» ብለው ሲያዩት ለሚቀጥለው የሚያደርጉት ጥንቃቄ ይቀንሳል፤ «ለጥቂት ተረፍን» ብለው ሲያዩት ግን ጥንቃቄያቸው ይጨምራል። በኒው ዮርክና በኒው ጀርሲ የታየው የሁለቱ ንባቦች ልዩነት በፉርጎ ቁጥር ተለክቶ ቀርቧል።

በሆስፒታሎቹ ዘንድ ጉዳዩ የበለጠ የከበደ ነበር። በአይሪን ጊዜ የተደረገው ዝውውር በከንቱ የሆነ መስሎ ከታየ በኋላ፣ ሳንዲ ሲቃረብ ባለሥልጣናቱ ሆስፒታሎቹ ሕሙማኑን ይዘው ባሉበት እንዲቆዩ ወሰኑ። እርግጥ ሕሙማንን ማንቀሳቀስ ራሱ ሕይወት የሚያሳጣ አደጋ አለው፤ ውሳኔው በቸልተኝነት ብቻ ሊተረጎም አይገባም። ሆኖም በዚያ ሌሊት ከኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ ላንጎን ሆስፒታል ከ300 በላይ ሕሙማን፣ በማሞቂያ ክፍል የነበሩ ጨቅላ ሕፃናት ሳይቀሩ፣ በጨለማ ደረጃ እየተሸከሙ እንዲወርዱ ሆነ።

ከዚያ ብዙም በማይርቀው በቤልቪዩ ሆስፒታል የታየው ደግሞ ውኃው የሄደበትን መንገድ ካለመከታተል የሚመጣ ችግር ነው። የሆስፒታሉ መጠባበቂያ ጄኔሬተሮች ጎርፍ ሊደርስባቸው ከማይችል ከፍታ፣ በ13ኛ ፎቅ ላይ ተቀምጠው ነበር። ነዳጅ ወደ ላይ የሚገፉት ፓምፖች ግን በምድር ቤት ስለነበሩ ውኃ ዋጣቸው። ጄኔሬተሮቹ እንዳይቆሙ ነዳጁን በሰው ሸክም፣ እጅ በእጅ እየተቀባበሉ 13 ፎቅ ማውጣት ግድ ሆነ፤ በመጨረሻም ሆስፒታሉ ባዶ ሆነ። በንድፍ ሰነድ ላይ ጄኔሬተሩ «ከጎርፍ የተጠበቀ» ተብሎ ሊመዘገብ ይችላል። የሚጠበቀው ግን መሣሪያው ብቻ ሳይሆን አገልግሎቱ ከሆነ፣ ከነዳጁ ጎተራ እስከ ሕሙሙ አልጋ ያለው ሰንሰለት በሙሉ መፈተሽ አለበት። ይህ ፍተሻ ማዕበል እስኪመጣ መጠበቅ የማያስፈልገው ነው።

ዘግይቶ የሚታይ ጉዳት

ጨው ሥራውን የሚሠራው ውኃው ከተመጠጠ በኋላ ነው። በማንሃተን ጫፍ የሚገኘው አዲሱ የሳውዝ ፌሪ ጣቢያ በ2009 ከ500 ሚሊዮን ዶላር በሚበልጥ ወጪ ተሠርቶ ተከፍቶ ነበር። ከሳንዲ በኋላ ዳግም ለአገልግሎት የበቃው በጁን 2017 ነው፤ እስከዚያው ተዘግቶ የነበረው አሮጌው ጣቢያ ከኤፕሪል 2013 ጀምሮ ተተካበት። ማንሃተንን ከብሩክሊን የሚያገናኘው የሞንታግ ዋሻም ከማዕበሉ በኋላ ባቡር ሲያመላልስ ቆይቶ፣ በጨው የተበላው የኤሌክትሪክና የምልክት ዕቃ ሊታደስ በኦገስት 2013 ተዘጋ፤ የተከፈተውም በሴፕቴምበር 2014 ነው። በማዕበሉ ማግስት የሚጻፍ የጉዳት ዘገባ ይህን ሁሉ ሊይዝ አይችልም። አገልግሎቱ ተመልሷል የሚለው ቀንና ጉዳቱ አብቅቷል የሚለው ቀን በዓመታት ሊራራቁ ይችላሉ።

ከሳንዲ በኋላ፣ ከአይዳ በፊት

ሳንዲ ያስከተለው ማሻሻያ ቀላል አይደለም። ኮን ኤዲሰን አንድ ቢሊዮን ዶላር ገደማ የፈጀ የማጠናከሪያ ሥራ አካሂዷል። አዲሱ የንድፍ ልክ የፌዴራል መንግሥቱ የጎርፍ ካርታ ከሚያሳየው ከፍታ ላይ ሦስት ጫማ፣ ማለትም 90 ሴንቲ ሜትር ያህል፣ የሚጨምር ሆኗል። ከዚህ ይልቅ ሊጠና የሚገባው ሌላው እርምጃ ነው፤ የደቡብ ማንሃተን የኤሌክትሪክ መረብ፣ በውኃ የተጠቃው ክፍል ተነጥሎ ሲጠፋ ሌላው መብራት ይዞ እንዲቆይ ሆኖ ተከፋፈለ። የመጀመሪያው እርምጃ አሁንም አንድን ቁጥር ይበልጣል ብሎ በሌላ ቁጥር ይመካል። ሁለተኛው ግን ልኩ ቢታለፍም ጉዳቱ እንዳይስፋፋ አስቀድሞ ያስባል፤ የመቋቋም አቅም የሚባለውም በትክክል ይህ ነው።

ይሁንና ከተማይቱ በጥቅሉ የተማረችው ስለ ማዕበል ሳይሆን ስለ ሳንዲ ነበር። የምድር ውስጥ ባቡሩ በሮች፣ መዝጊያዎችና ግድግዳዎች በአብዛኛው የታሰቡት ከባሕር ለሚመጣ ውኃ ነው። ሴፕቴምበር 1 ቀን 2021 ምሽት የአይዳ ቅሪት ይዞ የመጣው ውኃ ግን ከሰማይ ወረደ። በሴንትራል ፓርክ በአንድ ሰዓት ውስጥ 80 ሚሊ ሜትር ዝናብ ተመዘገበ። የከተማይቱ የጎርፍ ማፋሰሻ መስመር የሚነደፈው በሰዓት 44 ሚሊ ሜትር ያህል እንዲያስተናግድ ነው። ውኃው ከባሕር ርቀው በሚገኙ ሰፈሮች መንገዱን ሞላ፤ በጣቢያዎቹ ደረጃም ወደ ሐዲዱ ወረደ። በከተማይቱ ከሞቱት 13 ሰዎች 11ዱ የሞቱት በምድር ቤት መኖሪያዎች ውስጥ ነው። ከእነዚህ መኖሪያዎች ብዙዎቹ በሕግ ያልተመዘገቡ ስለሆኑ በየትኛውም የመሠረተ ልማት ዕቅድ ላይ እንደ ተጋላጭ ስፍራ አልሰፈሩም ነበር።

በሁለቱም ጊዜ ዕውቀቱ ከአደጋው ቀድሞ መገኘቱ ሊጤን ይገባል። በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲው ክላውስ ያኮብ መሪነት የተዘጋጀው የትራንስፖርት ጥናት፣ የባሕር ሙላት የምድር ውስጥ ባቡሩን ዋሻዎች ሊሞላ እንደሚችል በ2011 ገልጾ ነበር፤ ሳንዲ የመጣው በሚቀጥለው ዓመት ነው። ከተማይቱ በዝናብ ብቻ የሚጥለቀለቁትን ሰፈሮች የሚያሳይ ካርታ ያለውን ዕቅዷን ያወጣችው በሜይ 2021 ነው፤ አይዳ የመጣው ከአራት ወራት ባነሰ ጊዜ ውስጥ ነው። ያኮብ የተነሣው በድንገት ከደረሰው ጥፋት ሳይሆን ከዋሻዎቹ አፍና ከአየር ማስገቢያ ፍርግርጎቹ ከፍታ ነበር፤ ውኃው በየት እንደሚገባ ለማወቅ ውኃው እስኪገባ መጠበቅ አላስፈለገውም።

ጊዜው ራሱ እያጠረ መምጣቱም ከንድፍ ሥራው የሚለይ አይደለም። አይዳ ከመድረሱ 11 ቀናት በፊት፣ ኦገስት 21 ቀን 2021፣ ሄንሪ የተባለው ማዕበል በዚያው በሴንትራል ፓርክ በአንድ ሰዓት 49 ሚሊ ሜትር አዝንቦ የስፍራውን ክብረ ወሰን ሰብሮ ነበር። በ11 ቀን ውስጥ ቧንቧ አይሰፋም፤ በ11 ቀን ውስጥ ሊደረግ የሚችለው የምድር ቤት ነዋሪዎችን በር እያንኳኩ ማስጠንቀቅ ነው፤ ለዚህም በሮቹ የት እንዳሉ የሚያሳይ መዝገብ ቀድሞ መኖር ነበረበት።