መዳንና የቃሉ ጥናት፦ የትኛው ይቀድማል?



በወጣቶች ስብሰባ ሁለት ዓይነት አነጋገር ብዙ ጊዜ ይሰማል። አንደኛው፣ «በጸጋ ከዳንኩ መጽሐፍ ቅዱስን ማጥናት ለምን ያስፈልገኛል? መዝሙሩና ጸሎቱ ይበቃኛል» የሚል ነው። ሁለተኛው ደግሞ፣ «በየቀኑ ምዕራፍ ካላነበብኩ፣ ጥቅስ በቃሌ ካልያዝኩ እግዚአብሔር አይቀበለኝም» ብሎ የሚጨነቅ ነው። የፊተኛው ቃሉን ይተዋል፤ የኋለኛው ቃሉን የመዳን ዋጋ ያደርገዋል። ሁለቱም መንገዱን ስተዋል። ይህን ለመረዳት ሩቅ አገር መሄድ አያስፈልገንም፤ እዚሁ ነቀምቴ ያረፈ የአንድ ሰው ታሪክ ያስተምረናል።

ይህ ሰው ኦኔሲሞስ ነሲብ ነው። የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1856 ገደማ በኢሉባቦር በሁሩሙ አካባቢ ሲሆን፣ የልጅነት ስሙ ሂካ ነበር፤ ኦሮምኛ የምታውቁ እንደምትረዱት «የሚፈታ፣ የሚተረጉም» ማለት ነው። ገና ሕፃን ሳለ ባሪያ ፈንጋዮች ከቤተሰቡ ነጥለው ወሰዱት፤ ከእጅ ወደ እጅ እየተሸጠም ምጽዋ ደረሰ። እ.ኤ.አ. በ1870 በዚያ የነበረው የፈረንሳይ ቆንስል ሙንዚንገር ነጻ አውጥቶ ምንኩሉ ለሚገኙት የስዊድን ሚሲዮናውያን ሰጠው። በ1872 በትንሣኤ ቀን ተጠመቀ፤ ኦኔሲሞስ የሚለውንም ስም ወሰደ።

እዚህ ላይ ቅደም ተከተሉን ልብ እንበል። ሂካ ለነጻነቱ አንዲት ብር አልከፈለም። ፊደል ስለ ቆጠረ ወይም ጎበዝ ተማሪ ስለ ሆነ አልተፈታም። ነጻ ያወጣው ሌላ ነው። ሥራው የመጣው ከዚያ በኋላ ነው፤ ሥራውም ቀላል አልነበረም። ከ1876 እስከ 1881 በስዊድን ተማረ። ወደ ወገኖቹ ለመድረስ ደጋግሞ ቢሞክርም መንገዱ ተዘጋበት። ስለዚህ ምጽዋ አጠገብ ተቀምጦ መጽሐፍ ቅዱስን በግዕዝ ፊደል ወደ ኦሮምኛ መለሰ። አዲስ ኪዳን በ1893 ታተመ፤ ሙሉው መጽሐፍ ደግሞ በ1899 በስዊስ አገር በቅድስት ክሪሾና ታትሞ ወጣ።

ይህን ሥራ ብቻውን አልሠራውም። በልጅነቱ ከአገሩ ስለ ተወሰደ የቋንቋው ቃላት ይጎድሉት ነበር። ይህን ጉድለት የሞላችው አስቴር ጋኖ ናት። እርስዋም በባርነት ተወስዳ በ1886 በቀይ ባሕር ላይ የኢጣልያ መርከቦች ያስጣሏት ወጣት ነበረች። ከትዝታዋ እያወጣች 15,000 ያህል ቃላት ያሉበትን መዝገብ አዘጋጀች፤ ተረቱን፣ ምሳሌውን፣ እንቆቅልሹንና ዘፈኑንም ሰበሰበች። ወንዶች የሰንበት ትምህርት ቤት አባላት ሆይ፣ እህቶቻችን በጥናት ክፍል ሻይ ከማቅረብ ያለፈ ድርሻ እንዳላቸው ከዚህ እንማር።

በ1904 ሁለቱም ከባልንጀሮቻቸው ጋር ወለጋ ገቡ፤ አስቀድመው በቦጂ፣ በኋላም በነቀምቴ አስተማሩ። ኦኔሲሞስ በስብከቱ ምክንያት ተከስሶ ለዓመታት እንዳይሰብክ ተከልክሏል፤ ፈቃድ ያገኘው በ1916 በልጅ ኢያሱ ዘመን ነው። ሰኔ 21 ቀን 1931 እ.ኤ.አ. በነቀምቴ ለስብከት ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲሄድ ዐረፈ።

እንግዲህ ወደ ጥያቄያችን እንመለስ። ሐዋርያው ጳውሎስ በኤፌሶን 2፥8-10 የሚያስተምረው ይህንኑ ቅደም ተከተል ነው፤ መዳን የእግዚአብሔር ስጦታ ነው፣ መልካም ሥራ ግን የዳነ ሰው የሚመላለስበት መንገድ ነው። ሥሩ ጸጋ ነው፤ ሥራው ፍሬ ነው። ፍሬ ዛፉን አይተክልም፤ ሆኖም ፍሬ የሌለው ዛፍ ያጠያይቃል።

ጌታችንም በዮሐንስ 5፥39-40 መጻሕፍትን ይመረምሩ የነበሩትን ሰዎች ይገሥጻል። የገሠጻቸው ስለ መረመሩ አይደለም። መጻሕፍቱ ስለ እርሱ ሲመሰክሩ እነርሱ ወደ እርሱ መምጣት ስላልወደዱ ነው። ስለዚህ በእውቀቱ የሚመካ ተማሪ ይጠንቀቅ፤ የመንገድ ምልክትን ማንበብ ቤት መድረስ አይደለም።

በሌላ በኩል፣ «ጸጋው ይበቃኛል» ብሎ መጽሐፉን የሚዘጋ ሰው ጸጋውን በምን ያውቀዋል? በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8 ጃንደረባው በሠረገላው ላይ ያነብ ነበር፤ ፊልጶስም የጠየቀው የሚያነበውን ያስተውል እንደ ሆነ ነው። ጃንደረባው የሚመራው ሰው እንደሚያስፈልገው ሳያፍር ተናገረ፤ ስለ ክርስቶስም የሰማው ከሚያነበው ክፍል ተነሥቶ ነው። ማንበብ፣ መጠየቅ፣ ከሌላው ጋር መማር፤ ይህ የጥናት ሥርዓት ነው። በደርግ ዘመንም በወለጋ ብዙ አብያተ ክርስቲያናት በተዘጉ ጊዜ ምእመናን በየቤቱ ተሰብስበው ጸንተዋል። ሕንፃው ሲዘጋ የሚቀረው በልብ ያለው ቃል ነው። እኛስ ዛሬ በሩ ቢዘጋብን በልባችን የሚቀረው ስንት ነው?

ለዚህ ወር ጥናት የፊልሞናን መልእክት እንድንወስድ አሳስባለሁ። 25 ቁጥር ብቻ ያለው አንድ ምዕራፍ ነው። ኦኔሲሞስ ነሲብም ስሙን የሚጋራው በዚያ ካለው ባሪያ ጋር ነው፤ ስሙ በግሪክ «ጠቃሚ» ማለት ነው። ሲጠና እንዲህ ቢሆን ይጠቅማል፦

1ኛ/ መልእክቱን ሳታቋርጡ ሁለት ጊዜ አንብቡ፤ ከጥናት በፊት ጸልዩ።
2ኛ/ ማን ለማን፣ ስለ ምን እንደ ጻፈ በደብተር ጻፉ።
3ኛ/ በቁጥር 18 እና 19 የሌላውን ዕዳ ማን በራሱ ላይ እንደ ወሰደ ተመልከቱ፤ ይህ ስለ ክርስቶስ ምን ያስታውሳችኋል?
4ኛ/ በዚህ ሳምንት እንደ ወንድም ልትቀበሉት የሚገባ ሰው ካለ ስሙን በጸሎት አንሡ።
5ኛ/ እቤት ስትገቡ ለእናትና ለአባት በሚገባቸው ቋንቋ አንብቡላቸው። ብዙዎቻችን በአማርኛ እንማራለን፤ እናቶቻችን ግን የሚጸልዩት በኦሮምኛ ነው። አስቴርና ኦኔሲሞስ የደከሙት ቃሉ ከምድጃው አጠገብ እንዲነበብ ነው።

ወገኖቼ፣ ለመዳን ብለን አናጥና፤ የዳነን ስለ ሆንን እናጥና። ገና በእርግጠኝነት ያላመነ ወጣት ቢኖርም መጽሐፉን አይፍራ፤ ጢሞቴዎስ ከልጅነቱ ያወቃቸው መጻሕፍት ለመዳን ጥበብን እንደሚሰጡ ተጽፏልና (2ኛ ጢሞ. 3፥15)። ነጻ ያወጣን ጌታ ጠቃሚዎች ያድርገን። አሜን።