አማና የሚቀመጥበት ክፍል፦ ከበሩ በፊት ግድግዳው



ከረመዷን በኋላ የማህበራችን ኮሚቴ አንድ ነገር ጠየቀኝ። የሰደቃው ገንዘብና አንዳንድ እናቶች በአደራ የሰጡት ወርቅ ለሚቀመጥበት ክፍል ምን ዓይነት የብረት በር እንደሚሻል እንድነግራቸው ነበር። መሐንዲስ ስለሆንኩ ደስ ብሎኝ ሄድኩ። በሩን ከማየቴ በፊት ግድግዳውን በጣቴ አንኳኳሁት፤ የባዶ ነገር ድምፅ ሰጠ። በቀጭን የብረት ቋሚዎች ላይ የተመታ የጂፕሰም ሰሌዳ ነው፤ ስለታም ቢላዋ ይቆርጠዋል። ኮሚቴው ግን ያለውን ገንዘብ በሙሉ ለበሩ መድቦ ነበር። ይህ ስህተት በብዙ ቦታ ስለሚደገም የማውቀውን ላካፍላችሁ።

ካዝና የሚሰጠን ጊዜ ነው

የማይሰበር ክፍል የለም። በአሜሪካ የሚሠራበት የዩኤል መመዘኛ የካዝና ክፍሎችን የሚመድበው ለምን ያህል ጊዜ እንደሚቋቋሙ ለክቶ ነው። ዝቅተኛው ደረጃ 15 ደቂቃ፣ ቀጥሎ ያሉት 30 ደቂቃ፣ 1 ሰዓትና 2 ሰዓት ናቸው። ልብ በሉ፤ ልኬቱ በሩን ብቻ ሳይሆን ግድግዳውን፣ ወለሉንና ጣሪያውንም ይመለከታል። ሌባ የሚመርጠው ደካማውን ጎን ነውና።

ከዚህ ቀላል ስሌት ይወጣል። ክፍሉ 30 ደቂቃ የሚቋቋም ከሆነና ደወሉን ሰምቶ የሚደርስ ሰው 1 ሰዓት ከፈጀበት፣ ያ ሁሉ ብረትና ኮንክሪት ከንቱ ነው።

በ2015 በለንደን ሃተን ጋርደን የደረሰው ለዚህ ምስክር ነው። ሌቦቹ የፋሲካን ረጅም በዓል ጠብቀው ገቡ። ከባዱን የካዝና በር ትተው 50 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለውን የኮንክሪት ግድግዳ በአልማዝ መሰርሰሪያ በሱት። ደወሉ ጮኾ ነበር። የመጣው ጥበቃ ከውጭ አይቶ ተመለሰ፤ ፖሊስም አልሄደም። በመጀመሪያው ሌሊት መሣሪያቸው ስለተሰበረ ባዶ እጃቸውን ወጡ፤ ሌላ መሣሪያ ይዘው ተመልሰው ከ70 በላይ ሳጥኖችን ከፈቱ። ግድግዳው ጊዜ ሰጥቶ ነበር፤ በዚያ ጊዜ የተጠቀመ ሰው ግን አልነበረም።

ቁልፉ በማን እጅ ነው?

የኒውዮርክ ፌዴራል ሪዘርቭ ባንክ የወርቅ ክፍል ከመንገዱ በታች 24 ሜትር ያህል ወርዶ በማንሃታን አለት ላይ ተቀምጧል። መግቢያው 90 ቶን የሚመዝን የሚዞር የብረት ሲሊንደር ነው። እንዲህም ሆኖ መክፈቻውን በሙሉ የሚያውቅ አንድ ሰው የለም፤ ወርቅ ሲንቀሳቀስም ሦስት ሰዎች በቦታው ይገኛሉ። ይህ ሰውን በክፉ መጠርጠር አይደለም። ገንዘብ ቢጎድል ንጹሑን ሰው ከሐሜት የሚያድነው ይህ ሥርዓት ነው።

በእኛም ታሪክ ምሳሌ አለ። በደማስቆ የኡመያድ መስጂድ ግቢ ውስጥ የግምጃው ጉልላት የሚባል ባለ ስምንት ጎን ክፍል ይገኛል። በ789 በአባሲዶች ዘመን የከተማዋ ገዥ ፈድል ኢብን ሳሊሕ ያሠራው ሲሆን የቆመው በ8 ጥንታዊ ዓምዶች ላይ ነው። ያለ መሰላል አይደረስበትም። እንደ መሐንዲስ ሳየው ትልቁ ጥበቃው ቦታው ይመስለኛል፤ ሰጋጅ ሁሉ በሚያየው ግቢ ውስጥ መሰላል አቁሞ የሚሰርቅ ማን ነው?

ለኮሚቴው ያልኩት

በመጀመሪያ፣ በሩን መግዛት ይቆይ። ግድግዳው ፌሮ ገብቶበት በኮንክሪት በተሞላ ብሎኬት ይሠራ፤ ወለሉና ጣሪያውም ይታይ። ሁለተኛ፣ ጥሬ ገንዘብ አይደር፤ ሁለት ሰዎች ቆጥረው ፈርመው በሚቀጥለው የሥራ ቀን ባንክ ያስገቡት። ሦስተኛ፣ ክፍሉ በሁለት ሰው እጅ ባሉ ሁለት የተለያዩ ቁልፎች ይከፈት። አራተኛ፣ ደወሉ ሲጮህ ማን እንደሚሄድ ስሙ ተጽፎ ይታወቅ። አምስተኛ፣ አደራ ለሚሰጥ ሁሉ ደረሰኝ ይሰጠው።

ስብሰባው ላይ የነበሩ አንዲት እናት «ታዲያ ልጄ፣ ወርቄን ልውሰደው?» ሲሉ ጠየቁኝ። የኮሚቴው ወንድሞች ዝም አሉ። ማህበሩን ማሳጣት ከበደኝ፤ ነገር ግን «አዎ እናቴ፣ ግድግዳው እስኪሠራ ይውሰዱትና ባንክ ሳጥን ተከራይተው ያስቀምጡት» አልኳቸው። በማግስቱ ወሰዱት። ከእሳቸው በኋላ ሌሎችም ወሰዱ።

ነብዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) ከመካ ሲሰደዱ እንኳ በእጃቸው የነበረውን የሰዎች አደራ ለባለቤቶቹ እንዲመልስ ዐሊይን (ረ.ዐ) ትተው ነበር የሄዱት። አደራን መጠበቅ ካልቻልን መመለስም አማናን መወጣት ነው።

እናንተም በየማህበራችሁ ዛሬ ግድግዳውን አንኳኩት። አላህ አደራን ከሚወጡት ያድርገን። ወላሁ አዕለም።