እሳቱ ጠፋ፤ ገመዱስ?

ጎረቤት ተረባርቦ እሳቱን ካጠፋ በኋላ ማብሪያው ይጫናል። አምፖሉ ቦግ ሲል ሁሉም «ተመስገን» ይላል። አምፖሉ በራ ማለት ግን መዳቡ አልተበጠሰም ማለት ብቻ ነው፤ ስለ ሽፋኑ የሚነግረን ነገር የለም። መዳብ ለመቅለጥ ከ1,000 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሙቀት ይፈልጋል። የተለመደው የፒቪሲ ሽፋን ግን የተሠራው እስከ 70 ዲግሪ እንዲችል ነው። ስለዚህ ነበልባል ባልደረሰበት ክፍልም ኮርኒስ ውስጥ የታመቀው ትኩስ አየር ሽፋኑን ሊያበላሸው ይችላል። ቀለም ቀቢ ከመጥራትዎ በፊት የሚከተለውን ያድርጉ።

1. ኃይሉን ያቋርጡ። ዋናውን ብሬከር ያጥፉ። ወለሉ ከረጠበ፣ ቆጣሪው ወይም ከምሰሶ የሚመጣው ገመድ ከተቃጠለ ግን ምንም ሳይነኩ ለኤሌክትሪክ አገልግሎት በ905 ይደውሉ። ጄነሬተር ወይም የፀሐይ ኃይል ካለዎት እሱንም ይንቀሉ።

2. መቋረጡን ያረጋግጡ። ቴስተሩን መጀመሪያ ኃይል እንዳለው በሚታወቅ ቦታ ይሞክሩት፤ የተበላሸ ቴስተር «ኃይል የለም» ብሎ ያሳስታል። ከዚያ እያንዳንዱን ሶኬት ይፈትሹ።

3. የመስመሩን ካርታ ይሳሉ። የትኛው ብሬከር የትኛውን ክፍል እንደሚመግብ ወረቀት ላይ ያስፍሩ። ማድ ቤቱ ተቃጥሎ መኝታ ቤቱ ቢተርፍም፣ የመኝታ ቤቱ መስመር በማድ ቤቱ ኮርኒስ በኩል አልፎ ሊሆን ይችላል። እሳቱ አጠገብ ያለፈውን መስመር ሁሉ በቀይ ያስምሩበት።

4. ክዳኖቹን ከፍተው ይዩ፤ ያሽቱም። የሶኬትና የማብሪያ ክዳኖችን በዊንጥ መፍቻ ይፍቱ። የጠቆረ ጠርዝ፣ የቀለጠ ፕላስቲክ፣ ጥቀርሻ፣ የተቃጠለ ሽታ ወይም መዳቡ ላይ አረንጓዴ ዝገት ካገኙ ምልክት ያድርጉበት። ፒቪሲ ሲቃጠል የሚወጣው ጋዝ ከእርጥበት ጋር ሲገናኝ አሲድ ይሆናል፤ አሲዱም ከእሳቱ ርቀው ያሉ የብሬከርና የሶኬት ብረቶችን ሳይቀር ቀስ በቀስ ይበላል።

5. ገመዱን አጠፍ ያድርጉት። ጤነኛ ሽፋን ለስላሳ ነው፤ ታጥፎ ይመለሳል። ሙቀት የጎዳው ግን እንደ ደረቅ ቂጣ ይሰነጠቃል፣ ይፈረፈራል፤ በስንጥቁም መዳቡ ብልጭ ይላል። ይህን ካዩ ያ መስመር አብቅቶለታል።

6. የቀረውን ለባለሙያ ይስጡ። ኮርኒስ ውስጥ ያሉትን የማከፋፈያ ሳጥኖች ያስከፍቱ፤ የእሳት ማጥፊያው ውኃ በቱቦ ወርዶ እዚያ ይተኛል። ሲደርቅ ፈቃድ ያለው ኤሌክትሪሻን የገመዱን ሽፋን በሜገር (የሽፋን መቋቋም መለኪያ) ይለካልዎት። ዕቃው ሁሉ ተነቅሎ፣ አምፖሎቹ ወጥተው፣ በ500 ቮልት በሽቦዎቹ መካከልና ወደ መሬት መስመሩ ሲለካ ንባቡ ቢያንስ 1 ሜጋኦም መሆን አለበት። ከዚያ በታች ከሆነ ኃይል አይለቀቅበትም። ንባቡ ቢያልፍም፣ የተሰነጠቀ ወይም የቀለጠ ገመድ ይቀየራል፤ ደረቅ ስንጥቅ ሜገርን ሊያልፍ ይችላልና።

7. አይጠግኑ፤ ይቀይሩ። ናስትሮ የተጠቀለለበት የተጎዳ ገመድ ለሁለተኛ እሳት ቀጠሮ ነው። የተጎዳውን ከሳጥን እስከ ሳጥን አውጥተው በአዲስ ይተኩ፤ ሙቀት ወይም ውኃ የነካቸውን ብሬከሮችና ሶኬቶችም አብረው ያስቀይሩ።

8. ኃይሉን አንድ በአንድ ይመልሱ። መጀመሪያ የመብራት መስመር፣ ቀጥሎ ሶኬቶች፣ ብዙ ኃይል የሚስበው የእንጀራ ምጣድ መጨረሻ። ብሬከሩ ከወደቀ ደጋግመው አያንሱት፤ የሚወድቀው ችግር ስላለ ነው። የሚሞቅ ክዳን፣ የሚንጫጫ ድምፅ ወይም የሚርገበገብ መብራት ካለ ወዲያው አጥፍተው ባለሙያውን መልሰው ይጥሩ።

የእሳቱ ጥቁር ጠባሳ ዓይን ስለሚያውክ ቤተሰብ ቶሎ ለስኖና ቀለም ቀብቶ ሊረሳው ይቸኩላል። ጭንቀቱ ይገባኛል። ነገር ግን ያ ጥቁር ምልክት ሙቀቱ የት የት እንደደረሰ የሚያሳይ ምስክር ነው። ገመዱ ተለክቶ እስኪያልፍ ግድግዳው ጥቁር ሆኖ ይቆይ፤ ልስኑና ቀለሙ ከዚያ በኋላ ይደርሳሉ።