ቆሞ ስለሚደክም የአውቶሞቢል ባትሪ፤ ምክንያቱን መርምሮ ስለ ማግኘት የተሰጠ ትምህርት

ማታ በደኅና ገብቶ የቆመ አውቶሞቢል ጧት አልነሣም ሲል፣ ብዙውን ጊዜ ጥፋተኛ የሚባለው ባትሪው ነው። ነጂው «ባትሪው ሞቷል» ብሎ ያመለክታል፤ ሹሙም ለአዲስ ባትሪ መግዣ ገንዘብ ያዝዛል። ዳሩ ግን አዲሱ ባትሪ ከጥቂት ሳምንት በኋላ እንደ ፊተኛው ደክሞ ሲገኝ፣ ገንዘቡም ጠፋ፣ ሥራውም ተጓጐለ ማለት ነው። የከብት ክትባት በበረዶ ሣጥን ተጭኖ፣ ገበሬው ከብቱን ሰብስቦ በሚጠብቅበት ቀን እንዲህ ያለ ነገር ቢደርስ፣ ጉዳቱ ከባትሪው ዋጋ እጅግ ይበልጣል።

ባትሪ እንደ ጎተራ ነው። ጎተራ ጎድሎ ቢገኝ ምክንያቱ ከሦስት ነገር አያልፍም፤ ወይም መጀመሪያውኑ እህሉ በሙሉ አልገባበትም፤ ወይም ጎተራው ራሱ ተሸንቁሯል፤ ወይም ሌሊት እየመጣ የሚወስድ ሌባ አለ። ብልህ ባለቤት ከሦስቱ የትኛው እንደ ሆነ ሳይለይ አዲስ ጎተራ አያሠራም። የባትሪም ምርመራ በዚሁ ሥርዓት ይሄዳል።

፩ኛ፤ ስለ ባትሪው ጠባይ።

በአውቶሞቢል ላይ በብዛት የሚገኘው ባትሪ የእርሳስ ሳሕኖችና በውሃ የተበረዘ የሰልፈር አሲድ ያሉበት ነው። የፈረንሳይ አገር ሊቅ ጋስቶን ፕላንቴ በ1859 ዓ.ም. እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር ከሠራው ወዲህ የአሠራሩ መሠረት አልተለወጠም። ባትሪው 6 ክፍሎች አሉት፤ እያንዳንዱ ክፍል 2.1 ቮልት ያህል ስለሚሰጥ፣ የሞላ ባትሪ 12.6 ቮልት ገደማ ያሳያል። 12.4 ቮልት ቢያሳይ ሦስት አራተኛ፣ 12.2 ቢያሳይ ግማሽ፣ 12.0 ቢያሳይ አንድ አራተኛ ያህል ቀርቶታል ማለት ነው። ይህ ልክ የሚታመነው ግን ሞተሩ ከጠፋ በኋላ ባትሪው ብዙ ሰዓት፣ ይልቁንም አንድ ሌሊት ካረፈ ነው፤ ወዲያው ቢለካ ከእውነተኛው ከፍ ያለ ቁጥር ያሳያልና።

፪ኛ፤ በዓይንና በእጅ ስለ መመርመር።

ከመለካት አስቀድሞ ኮፈኑን ከፍቶ ማየት ይገባል። ባትሪው በሚሞላበት ጊዜ የሚቃጠል ጋዝ ስለሚያወጣ በአጠገቡ ሲጋራ ማጤስ ወይም እሳት ማቅረብ ክልክል ነው። አሲዱም ዓይንን ያጠፋል፣ ልብስንም ይበላል። ሠራተኛው ቀለበቱንና የእጅ ሰዓቱን ያውልቅ። ጫፎቹ ላይ ነጭ ወይም አረንጓዴ ዝገት ቢታይ፣ ገመዶቹ ተፈትተው ይጠረጉ፤ ሲፈታ መጀመሪያ ኔጋቲቩ፣ ሲታሰር ደግሞ መጨረሻ ኔጋቲቩ ይሁን። የባትሪው ራስ በአቧራና በእርጥበት ቢሸፈን ኤሌክትሪኩ በዚያው ላይ ቀስ እያለ ይፈስሳልና በንጹሕ ጨርቅ ይወልወል። ክዳኑ የሚከፈት ዓይነት ከሆነ ውሃው ሳሕኖቹን መሸፈኑ ይታይ፤ ቢጎድል የተጣራ የባትሪ ውሃ እንጂ የወንዝ ወይም የቧንቧ ውሃ አይጨመርበት።

፫ኛ፤ ጎተራው መሙላቱን ስለ ማወቅ።

ሞተሩ ተነሥቶ ሳለ በባትሪው ጫፎች ላይ በቴስተር ሲለካ፣ በአብዛኛው አውቶሞቢል ከ13.8 እስከ 14.5 ቮልት ሊገኝ ይገባል። ከዚህ እጅግ ቢያንስ፣ ዲናሞው ወይም ዲናሞውን የሚያዞረው ቀበቶ ሥራውን አልፈጸመም። እንዲህ ያለው ባትሪ ቆሞ የደከመ ይመስላል እንጂ፣ በእውነቱ ከቶ ሳይሞላ የቆመ ነው። ከጽሕፈት ቤት እስከ ገበያ ብቻ የሚመላለስ አውቶሞቢልም ሞተሩን ለማስነሣት ያወጣውን ኃይል ሳይተካ ስለሚቆም፣ እንዲሁ ይሆናል።

፬ኛ፤ ጎተራው ራሱ የተሸነቆረ መሆኑን ስለ መለየት።

ይህ ምርመራ ብዙ መሣሪያ አይፈልግም። ባትሪው በሚገባ ተሞልቶ አንድ ሌሊት ካረፈ በኋላ ይለካ፤ ቁጥሩም ይጻፍ። ቀጥሎ የኔጋቲቩ ገመድ ተፈትቶ ሦስት ቀን ይቆይና እንደ ገና ይለካ። ደኅና ባትሪ በሦስት ቀን ውስጥ ይህን ያህል አይለወጥም። 12.6 የነበረው ከ12.4 በታች ቢወርድ፣ ጥፋቱ በባትሪው ውስጥ ነው፤ ያን ጊዜ አዲስ መግዛት ይገባል። ቁጥሩ ሳይወርድ ቢገኝ ግን ባትሪው ንጹሕ ነው፤ ሌባው በአውቶሞቢሉ ውስጥ ነው። በቆላ አገር ያሉ ሹማምንት አንድ ነገር ይወቁ፤ ሙቀቱ በ10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በጨመረ ቁጥር ባትሪው በራሱ የሚደክምበት ፍጥነት ወደ እጥፍ ይጠጋል። ስለዚህ አውቶሞቢሉ ከጥላ ሥር ቢቆም ይጠቅማል።

፭ኛ፤ ሌባውን ስለ መያዝ።

ቁልፉ ይነቀል፣ መብራቱ ሁሉ ይጥፋ፣ በሮቹም ይዘጉ። ፊውዞቹን ለመድረስ በር መክፈት ግድ ቢሆን፣ የበሩ መቆለፊያ ተጭኖ እንደ ተዘጋ ይደረግ። የቴስተሩ ቀይ ሽቦ 10 አምፔር በተጻፈበት ቀዳዳ ይግባ፤ መራጩም ወደ አምፔር ይዙር። ኔጋቲቩ ገመድ ተፈትቶ፣ አንደኛው የቴስተር ሽቦ በገመዱ ላይ፣ ሁለተኛው በባትሪው ኔጋቲቭ ጫፍ ላይ ይያዝ። በዚህ ጊዜ ሞተሩን ለማስነሣት መሞከር ቴስተሩን ያቃጥላልና ፈጽሞ አይገባም። በአዳዲስ አውቶሞቢሎች ውስጥ ያሉት ኮምፒዩተሮች እስኪያንቀላፉ ድረስ ከግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት መታገሥ ያስፈልጋል።

ከዚያ በኋላ የሚነበበው ከ0.05 አምፔር ያነሰ ቢሆን ለሰዓትና ለኮምፒዩተር የሚገባ ቀለብ ነውና ነቀፋ የለበትም። ከዚህ እጅግ ቢበልጥ ግን ሌባ አለ። ስሌቱን ለማሳየት 60 አምፔር ሰዓት የሚይዝ ባትሪ እንውሰድ። 0.05 አምፔር ቢወሰድበት በቀን 1.2 አምፔር ሰዓት ይጎድላል፤ ግማሹ እስኪያልቅ 25 ቀን ይፈጃል። 0.5 አምፔር ቢወሰድበት ግን ግማሹ በሁለት ቀን ተኩል ያልቃል። ቅዳሜና እሑድ ቆሞ ሰኞ ጧት በደጋ ብርድ አልነሣም የሚለው ስለዚህ ነው።

ሌባውን ለመለየት ፊውዞቹ አንድ በአንድ እየተነቀሉ ቴስተሩ ይታይ። ቁጥሩ በድንገት የወረደበት ፊውዝ ሌባው ያለበትን መንገድ ያመለክታል። የተነቀለው ሁሉ በየቦታው እንዲመለስ በወረቀት ይጻፍ። ፊውዞቹ ሁሉ ተነቅለው ቁጥሩ ባይወርድ፣ ጥርጣሬው በዲናሞው ላይ ይሆናል፤ በውስጡ ያሉት ዲዮዶች ሲበላሹ ኤሌክትሪኩን ወደ ኋላ ያፈስሳሉና። ሥራው ሲያበቃ የቴስተሩ ሽቦ ወደ ቮልት ቀዳዳ ይመለስ፤ ተረስቶ ቮልት ቢለካበት አደጋ ያመጣል።

ብዙ ጊዜ የሚገኙት ሌቦች እነዚህ ናቸው፤ በወረቀት ማኖሪያው ውስጥ ወይም በዕቃ መጫኛው ሳይጠፋ የሚያድር መብራት፣ ተጣብቆ የቀረ ሪሌ፣ በኋላ የተጨመረ ራዲዮ፣ የስልክ መሙያና የመከታተያ መሣሪያ። 5 ዋት የሆነች ትንሽ አምፑል እንኳ በቀን 10 አምፔር ሰዓት ያህል ትበላለች። ሁለት ባትሪ ይዘው በ24 ቮልት በሚሠሩ ካሚዮኖች ላይ ደግሞ፣ ራዲዮን ከአንደኛው ባትሪ ብቻ መቀጠል ያን ባትሪ ለይቶ ያደክመዋል፤ ስለዚህ ሁለቱ ለየብቻ ይለኩ።

፮ኛ፤ ሹም ሊያዝዘው ስለሚገባ ነገር።

ደክሞ የተተወ ባትሪ በሳሕኖቹ ላይ የሰልፌት ድንጋይ ስለሚጠነክርበት ኋላ ቢሞላም እንደ ቀድሞው አይሆንም። እንግዲህ የደከመ ባትሪ ሳይውል ሳያድር ይሞላ። ለብዙ ሳምንት የሚቆም አውቶሞቢል ኔጋቲቩ ገመድ ተፈትቶ ይቀመጥ። ለእያንዳንዱ አውቶሞቢል አንድ ደብተር ተከፍቶ የተለካው ቮልትና ቀኑ ይጻፍበት። የአዲስ ባትሪ መግዣ ማመልከቻ ሲቀርብ፣ ሹሙ ከመፈረሙ በፊት ሦስት ነገር ይጠይቅ፤ ሞተሩ ሲሠራ ስንት ቮልት ነበር? ገመዱ ተፈትቶ ሦስት ቀን ሲቆይ ስንት ሆነ? ሁሉ ጠፍቶ ሲቆምስ ስንት አምፔር ይወስዳል? ሦስቱ መልስ ያልተጻፈበት ማመልከቻ ለምርመራ ይመለስ። ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ እንደሚባለው፣ በጊዜው የተለካ ባትሪ የመንግሥትን ገንዘብና የገበሬውን ቀን ያድናል።