በደጋ ሜዳ ላይ የአነስተኛ አውሮፕላን ማረፊያ እግር፦ ከመጠባበቂያው ጉልበት ምን ያህል ይቀራል?

የአነስተኛ አውሮፕላን ማረፊያ እግር ምትን የማብረድ አቅሙ በመጣል ሙከራ ይፈተሻል። እግሩ ጎማው እንደተገጠመለት፣ ድርሻው የሆነውን ክብደት ይዞ ከተወሰነ ከፍታ ይለቀቃል፤ በማረፍ ጊዜ ክንፉም ከፊሉን ስለሚሸከም ክብደቱ በዚያው ልክ ይቀነሳል። የአሜሪካ የአቪዬሽን ደንብ ክፍል 23 እስከ 2017 እ.ኤ.አ. በዝርዝር ይደነግግ እንደነበረው፣ የመጣያው ከፍታ በኢንች የሚገኘው የክንፍ ጭነት (ፓውንድ በካሬ ጫማ) ስኩዌር ሩት በ3.6 ሲባዛ ነው፤ ከ9.2 አያንስም፣ ከ18.7 አይበልጥም። በመጠባበቂያ ሙከራ ከፍታው 1.44 እጥፍ ይሆናል፤ በዚህ ጊዜ እግሩ ቢጎብጥ ይፈቀድለታል፣ ቢሰበር ግን አይፈቀድለትም።

በቀመሩ ውስጥ የአየር እፍግታ የለም። ለጎንደር አካባቢ ይህ ቀላል ጉድለት አይደለም።

ሴስና 206ን ለአብነት መውሰድ ይቻላል። ክብደቱ 3,600 ፓውንድ፣ የክንፉ ስፋት 174 ካሬ ጫማ ሲሆን ቀመሩ 16.4 ኢንች ወይም 42 ሴንቲ ሜትር ያህል ይሰጣል፤ የቁልቁል ፍጥነቱም 2.86 ሜትር በሰከንድ ነው። ይኸው አውሮፕላን በ2,000 ሜትር ከፍታ፣ በ25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሙቀት ሲያርፍ፣ አብራሪው በመለኪያው ላይ ያንኑ ፍጥነት ቢያነብ እንኳ እውነተኛ ፍጥነቱ በ15 በመቶ ገደማ ይበልጣል። የአወራረድ ማዕዘኑ ካልተለወጠ የቁልቁል ፍጥነቱም በዚያው መጠን ያድጋል፤ ጉልበቱ ደግሞ በ32 በመቶ። ለመጠባበቂያ ከተተወው 44 በመቶ ውስጥ የሚበዛውን፣ አብራሪው ምንም ሳይሳሳት፣ ከፍታውና ሙቀቱ ብቻ ወሰዱት ማለት ነው።

ወደ ሳንጃ፣ ወደ ታች አርማጭሆ ቆላ ሲወረድ ከፍታው ቢቀንስም ሙቀቱ ይተካዋል። ለምሳሌ በ1,200 ሜትር፣ በ38 ዲግሪ የጉልበቱ ጭማሪ 25 በመቶ ይሆናል።

የእግሩ ዓይነትም ይለያል። የሴስና 206 ዋና እግር የብረት ሞላ ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. «እሸት» ብሎ የገጣጠመው አግ-ካት የተባለው የእርሻ አውሮፕላንም እንዲሁ በብረት ሞላ ላይ ይቆማል። ሞላ እንደ መኪና ባሌስትራ የተቀበለውን ጉልበት አብዛኛውን መልሶ ስለሚሰጥ አውሮፕላኑን ያነጥራል፤ በጠባብ ቀዳዳ ዘይት የሚያሳልፈው እግር ግን ጉልበቱን ወደ ሙቀት ለውጦ ያስቀረዋል። የሞላ እግር ጉልበት የሚያጠፋው በከፊል ጎማዎቹ ወደ ጎን ሲንሸራተቱ በሚፈጠረው ሰበቃ ነው። በበጋ በተሰነጣጠቀ ዋልካ አፈር ላይ ጎማው ስንጥቅ ውስጥ ከገባ ይህ መንሸራተት ይታገዳል፤ ጫናውም ወደ እግሩ መጋጠሚያ ይዞራል። ለስላሳ ወለል ላይ የሚደረግ ሙከራ ይህን አያሳይም።

ስለዚህ ለእንዲህ ያለው ሜዳ የሚታሰብ እግር ሲፈተሽ የመጣያው ከፍታ በእፍግታው ንጽጽር ቢባዛ ይመረጣል፤ በደጋው ምሳሌ 42 ሴንቲ ሜትሩ 55 ይሆናል፣ መጠባበቂያውም ከ60 ወደ 79 ያድጋል። ስሌቱ አብራሪው ከመሬት ሲቃረብ አፍንጫውን አቅንቶ የሚቀንሰውን ፍጥነት አላካተተም፤ በአጭር ሜዳ ላይ ግን ለዚያ የሚሆን ርቀት ብዙ ጊዜ አይገኝም።