ቅርስና ራምፕ፦ የተሽከርካሪ ወንበር ተደራሽነት በታሪካዊ ምግብ ቤቶች

አዲስ አበባ ከእንጦጦ ተራራ ወደ ደቡብ በሚወርድ ተዳፋት ላይ የተቆረቆረች በመሆኗ ደረጃ የተለመደ ነው። እንደ ፒያሳው የእቴጌ ጣይቱ ሆቴል ባሉ ታሪካዊ መስተንግዶ ቤቶች ተደራሽነትን ለማሻሻል ሁለት ሕጎች አብረው ይታያሉ። የሕንፃ አዋጁ የሕዝብ መገልገያ ሕንፃ በተሽከርካሪ ወንበር ለሚገለገሉ ሰዎች አመቺ መዳረሻ እንዲኖረው ያዛል፤ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ደግሞ በቅርስ ላይ የሚከናወን የጥገና ሥራ አስቀድሞ እንዲፈቀድ ይጠይቃል። የኋለኛው ማስፈቀድን ይጠይቃል እንጂ ተደራሽነትን አይከለክልም።

ዋናው ፈተና ልኬት ነው። በተለመደው 1 ለ 12 ምጣኔ መሠረት፣ 15 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ያላቸው ሦስት ደረጃዎች 5.4 ሜትር የሚረዝም ራምፕ ይሻሉ። ግድግዳውን ሳይነካ የሚቆምና ሲያስፈልግ የሚነሣ ራምፕ የሁለቱንም ሕጎች ዓላማ ያስታርቃል። ቦታው ግን ዋናው በር ሊሆን ይገባል፤ በጓሮ በር የሚገባ ተመጋቢ ምግቡን እንጂ ቅርሱን በእኩልነት አልተጋራምና።