በፕሮጀክት ማስተማር በ9ኛ ክፍል፦ የሰፈር እድሮች ጥናት እንደ ማሳያ

ባለፈው ክረምት ስለ ማስተማሪያ ዘዴዎች ስንወያይ አንድ የክፍል ጓደኛዬ "ፕሮጀክትማ እኛም እናሠራለን፤ ተማሪዎቹ ጽፈው ያመጣሉ፣ እኛ እናርማለን" አለ። ብዙዎቻችን በመስማማት ራሳችንን ነቀነቅን። ይህችን አጭር ጽሑፍ እንዳዘጋጅ ያነሳሳኝ ያ አባባል ነው።

በየትምህርት ቤቱ ፕሮጀክት እየተባለ የሚሠራውን ሁላችንም እናውቀዋለን። መምህሩ "ስለ እድር ጥቅም በቡድን ጽፋችሁ አምጡ" ይላል። ከስድስቱ አንዷ ትጽፋለች፣ አምስቱ ስማቸውን ያስገባሉ። ኮምፒውተር ቤት ተወስዶ ይተየባል፣ ባለቀለም ሽፋን ተደርጎለት ይጠረዛል። ወረቀቱ ያምራል፤ ውስጡ ያለው ግን ተማሪውም መምህሩም ቀድመው የሚያውቁት ነው። ታዲያ ምኑ ላይ ነው መማሩ?

ፕሮጀክት ሲባል ምን ማለት ነው?

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። አሜሪካዊው የትምህርት ምሁር ዊልያም ኪልፓትሪክ ስለ ፕሮጀክት ዘዴ የጻፈውን ታዋቂ ጽሑፍ ያሳተመው እ.ኤ.አ. በ1918 ነው። ከጆን ዱዊ አስተሳሰብ ተነሥቶ፣ ተማሪ ከልቡ የተቀበለውን ዓላማ ይዞ ሲሠራ የተሻለ ይማራል ብሎ ተከራከረ። በአገራችንም በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ችግር የመፍታት ችሎታን ከዓላማዎቹ አንዱ አድርጎ ነበር። እኔ በበኩሌ አንድን ሥራ ፕሮጀክት የምለው ሁለት ነገር ሲያሟላ ነው፦ መምህሩ ራሱ መልሱን የማያውቀው ጥያቄ ሲሆን፣ መልሱን የሚፈልግ ሰው ደግሞ ከክፍሉ ውጭ ሲኖር። ሌላው ሁሉ የቤት ሥራ ነው። የቤት ሥራ መጥፎ ነው ማለቴ ግን አይደለም።

የእድሮቹ ጥናት

የማስተምረው የዜግነት ትምህርት ነው። በአንዱ ክፍል 60 ተማሪዎች አሉ፤ በስድስት በስድስት ከፍዬ 10 ቡድን አደረግኋቸው። የሰጠኋቸው ጥያቄ "የሰፈራችን እድር ማንን ያቅፋል? ማንን ይተዋል? ለምን?" የሚል ነበር። የተያዘለት ጊዜ ስድስት ሳምንት ነው።

የመጀመሪያው ሳምንት ያለቀው በመጠይቅ ዝግጅትና በደብዳቤ ነው። ያለ ማኅተም የእድር መተዳደሪያ ደንብ የሚያሳይ የእድር ዳኛ የለም፤ ልክም ናቸው። ከዚያ ተማሪዎቹ እሑድ እሑድ እድርተኛው ለመዋጮ በሚሰበሰብበት ሰዓት እየሄዱ ጸሐፊውን፣ ገንዘብ ያዡን፣ ጥሩምባ ነፊውን ሳይቀር አነጋገሩ። ወርኃዊ መዋጮው ስንት ነው? ከቀብር የቀረ ምን ይቀጣል? አባል ሲሞት፣ የትዳር ጓደኛ ሲሞት፣ ከሩቅ አገር መርዶ ሲመጣ የሚከፈለው ይለያያል ወይ? የየቡድኑን መልስ በአንድ ትልቅ ሠንጠረዥ ላይ አስፍረን ግድግዳ ላይ ለጠፍነው።

አንድ ጥብቅ ደንብ ከመጀመሪያው አውጥቼ ነበር፦ ማንም ተማሪ የራሱ ቤተሰብ እድር ይኑረው አይኑረው አይጠየቅም። በ60 ልጅ መካከል እድር የሌለው ቤት እንደማይጠፋ ግልጽ ነው። ልጁ በጓደኞቹ ፊት እንዲሸማቀቅ ማድረግ ጥናት አይባልም።

ሠንጠረዡ ላይ ዓይን የገባው የመግቢያ ክፍያው ነበር። በአንዱ እድር አነስተኛ ነው፣ እዚያው አጠገብ ባለው እድር ግን ብዙ እጥፍ። ተማሪዎቹ መጀመሪያ የሰጡት ምክንያት "ተከራይ ስለማይወዱ ነው" የሚል ነበር። እኔም ዝም አልኩ። ኋላ ላይ አንዲት ተማሪ ደንቡን ደግማ ስታነብ አዲስ ገቢ የሚከፍለው እድሩ ካፈራው ንብረት የአንድ አባል ድርሻ ያህል መሆኑን አገኘች። ሰሌዳው ላይ ሂሳቡን በምሳሌ ሠራነው፦ እድሩ በድንኳኑ፣ በወንበሩ፣ በድስቱና በባንክ ባለው ገንዘብ 120,000 ብር የሚያወጣ ንብረት ካለውና አባላቱ 80 ከሆኑ፣ አዲስ ገቢ 1,500 ብር ይከፍላል ማለት ነው። እንግዲህ እድሩ እየጠነከረና እየቆየ በሄደ ቁጥር በሩ እየጠበበ ይሄዳል። ማንም ማንንም ሳይጠላ፣ በየዓመቱ ቤት የሚቀይር ተከራይ ውጭ ይቀራል። ፍትሐዊነት የሚለውን ምዕራፍ ከዚህ በላይ ላስረዳው የምችል አይመስለኝም።

በስድስተኛው ሳምንት የአንዱን እድር ዳኛ ክፍል ድረስ ጋበዝናቸው። አዳምጠው ሲጨርሱ "ልጆቼ፣ ያንን ድንኳን እኮ እኛ ከልጆቻችን ጉሮሮ ነጥቀን ነው የገዛነው። ዛሬ የመጣ ሰው በነጻ ይግባ ነው የምትሉት?" አሉ። ክፍሉ ጸጥ አለ። አንድ በትምህርት ዘመኑ ሙሉ እጁን አውጥቶ የማያውቅ ልጅ ተነሣና "አይ አባባ፣ በነጻ አይግባ። ግን ክፍያውን በየወሩ ከፋፍሎ ቢከፍልስ?" አላቸው። ለእድሩ ስብሰባ አቀርበዋለሁ ብለው ሄዱ። እንዳሉትም አቀረቡት፤ ጉዳዩ በይደር ተይዟል።

የቋንቋው ነገር

የሁለተኛ ደረጃ መማሪያ ቋንቋችን እንግሊዝኛ ነው፤ እድር ደግሞ በእንግሊዝኛ አይጠየቅም። ስለዚህ ቃለ መጠይቁም፣ ማስታወሻውም፣ ክርክሩም በአማርኛ ሆነ፤ በመጨረሻ እያንዳንዱ ተማሪ አንድ ገጽ በእንግሊዝኛ ጻፈ። የሚናገሩት ነገር ስለነበራቸው ቃል ፍለጋ መዝገበ ቃላት አገላበጡ። ሰዋስዉ ይደናቀፍ ነበር፤ የተቀዳ ገጽ ግን አልነበረም።

ምዘናው

ከ100 ነጥብ 30ው ለፕሮጀክቱ ተመደበ፦ 12 ለቡድኑ፣ 18 ለግለሰቡ። ለግለሰቡ የሚሰጠው ከዚያ አንድ ገጽና ከቃል ጥያቄ ነው። እያንዳንዱን ለ3 ደቂቃ ያህል ስለ ቡድኑ ሠንጠረዥ እጠይቃለሁ፤ ስሙን ብቻ ያስገባ እዚያው ይታወቃል። ለ60 ተማሪ 180 ደቂቃ ነው፣ ባለ 42 ደቂቃ ክፍለ ጊዜ ከሆነ ከአራት በላይ። እኔ በእረፍትና በትርፍ ክፍለ ጊዜ ጨረስኩት። ድካም አለው፤ ግን ይህ ከተዘለለ ያችው አንዷ ልጅ ለስድስት ትሠራለች።

ወጪውን አልደብቅም

ስድስት ሳምንት ብዙ ነው። አንድ ወላጅ "ይህ ለ12ኛ ክፍል ፈተና ምን ይጠቅመዋል?" ብለው ጠይቀውኛል፤ የሚናቅ ጥያቄ አይደለም። በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ በዩኒቨርሲቲዎች ከተሰጠው አገር አቀፍ ፈተና 50 ከመቶና በላይ ያመጡት 3.3 ከመቶ ያህሉ ብቻ እንደነበሩ ሁሉም ያስታውሳል። ኪርሽነር፣ ስዌለርና ክላርክም እ.ኤ.አ. በ2006 ባሳተሙት ጽሑፍ ለጀማሪ ተማሪ በቂ መመሪያ ሳይሰጡ "ራስህ ፈልገህ አግኝ" ማለት እንደማያዋጣ ተከራክረዋል። እኔም እስማማለሁ። ካርታ ማንበብን፣ የዘመን ቅደም ተከተልን፣ የሕገ መንግሥት መሠረታዊ ቃላትን ቆሜ አስተምራለሁ፤ እነዚህን በፕሮጀክት ማስተማር ጊዜ ማባከን ነው። መጠይቅ አዘገጃጀትንም ቢሆን ሰሌዳ ላይ በምሳሌ ካሳየኋቸው በኋላ ነው ወደ እድር የላክኋቸው። በአንድ ሴሚስተር ከአንድ ፕሮጀክት በላይ አላሠራም።

ለሚቀጥለው ሴሚስተር ያሰብኩት ጥያቄ የከተማችን የቧንቧ ውሃ በየሰፈሩ በሳምንት ስንት ቀን እንደሚመጣ ነው። የጂኦግራፊ መምህሩ አብሮኝ ሊሠራ ተስማምቷል፤ የሰፈሮቹን ካርታ እሱ ያሠራል። መጠይቁን ገና እያዘጋጀን ስለሆነ ከዲፓርትመንታችን ተማሪዎች ሐሳብ ያለው ቢያካፍለን ደስ ይለናል።